«ተንዛዛ» እያልን የማንተወው



በደሴም በኮምቦልቻም ያለን አማኞች አንድ አመል አለብን። «ሰው ለሰው» ሲረዝም «ተንዛዛ» አልን፤ ማየታችንን ግን አላቆምንም። «ዳና» በአዲስ ምዕራፍ ሲመለስ «እንደ ድሮው አይደለም» አልን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ተሰበሰብን። በ2008 ዓ.ም. ቃና የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ይዞ ሲመጣም እንዲሁ ሆንን።

ድራማ ማየት ኃጢአት ነው አንልም። የምንቃወመው ሌላ ነው፦ ለሰለቸን ድራማ ዓመታት እየታገሥን፣ ስብከት አርባ ደቂቃ ሲሞላ ሰዓታችንን እናያለን።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ፣ የሸሸነውም የቀረነውም ከልጆቻችን ጋር ተንበርክከን ጸለይን። ያኔ «ጸሎቱ ተንዛዛ» ያለ አልነበረም። ሰላም ሲመለስ ድራማውን ካቆምንበት ቀጠልን። የቤተሰብ ጸሎቱንስ?

ኤፌሶን 5፥16ን ደግመን እናንብብ። የምንወደውን እንኳ ባንተው፣ የሰለቸንን አንዱን ዛሬ ማታ እንዝጋው። በዚያች ሰዓት ልጆቻችንን ጠርተን እንንበርከክ፤ ጸሎቱንም ካቆምንበት እንቀጥል።

ጌታ ይርዳን። አሜን።