ስሙ ሳይሆን ልኬቱ፦ ዘመን ያስቆጠሩ ማይክሮፎኖች ኢምፐልስ ሪስፖንስ በሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ ላይ

በዛሬው የሙዚቃ ቀረጻ ስለ ሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ ከሚሰጡ ውሳኔዎች ብዙዎቹ የሚፈጸሙት በአምፕሊፋየር ፊት ሳይሆን በኮምፒውተር ውስጥ ነው። ጊታሪስቱ መሣሪያውን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛል፤ የአምፕሊፋየሩን ሥራ ሶፍትዌር ይሠራለታል፤ የስፒከሩንና የማይክሮፎኑን ጠባይ ደግሞ ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባል አጭር የድምፅ ፋይል ይተካለታል። ከእነዚህ ፋይሎች መካከል የታዋቂ አሮጌ ማይክሮፎኖችን ስም የያዙት የተለየ ክብር ይሰጣቸዋል። በ1930ዎቹ ሥራ ላይ የዋለው የአርሲኤ 44 የሪባን ማይክሮፎን ወይም በ1949 የወጣው ኖይማን ዩ 47 በፋይሉ ስም ላይ ሲነበብ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ድምፁ ገና ሳይሰማ ፍርዱ የተሰጠ ያህል ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት ነጥብ አንድ ነው። የእነዚህ ማይክሮፎኖች ኢምፐልስ ሪስፖንስ ለሄቪ ሜታል ጊታር ተገቢና ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከልኬቱ እንጂ ከማይክሮፎኑ ዝና አይመነጭም። እንዴት እንደተለካ ያልተጻፈለት ፋይል መልካም የድምፅ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አሮጌው ማይክሮፎን ግን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ፋይሉ የሚይዘውና የሚተወው

ኢምፐልስ ሪስፖንስ በቀላል አነጋገር አንድ ሥርዓት እጅግ አጭር ለሆነ ምት የሚሰጠው ምላሽ ነው። በባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲጨበጨብ የሚሰማው ማስተጋባት የአዳራሹ ምላሽ እንደሆነ ሁሉ፣ ስፒከርና ማይክሮፎንም የየራሳቸው ምላሽ አላቸው። ሥርዓቱ መስመራዊ ከሆነ፣ ማለትም የሚገባው ድምፅ እጥፍ ሲሆን የሚወጣውም መልኩን ሳይለውጥ እጥፍ ከሆነ፣ ጠባዩም በጊዜ ብዛት የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ያ አንድ ምላሽ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ይገልጸዋል። ከዚያ በኋላ ኮንቮሉሽን በሚባለው ስሌት ማንኛውም ድምፅ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ያህል ሊቀረጽ ይችላል።

በተግባር ግን ልኬቱ የሚወሰደው በምት አይደለም። የፓርማ ዩኒቨርሲቲው አንጄሎ ፋሪና በ2000 ባቀረበው ዘዴ መሠረት፣ ከዝቅተኛ ድግግሞሽ ተነሥቶ ሳይቋረጥ ወደ ከፍተኛው የሚወጣ ድምፅ በስፒከሩ ይለቀቃል፤ ማይክሮፎኑ የቀዳው ድምፅም በስሌት ወደ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ይመለሳል። የዘዴው ብልኀት መሣሪያዎቹ ራሳቸው የሚፈጥሩትን ዲስቶርሽን ከመስመራዊው ምላሽ በጊዜ ነጥሎ ማስቀመጡ ነው። ፋይሉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የተነጠለውን ዲስቶርሽን ቆርጦ ይጥላል፤ የሚያስቀረው መስመራዊውን ምላሽ ብቻ ነው። እንግዲህ ፋይሉ የማይክሮፎኑን ጠባይ በከፊል የሚይዘው በቸልተኝነት ሳይሆን በዘዴው ተፈጥሮ ነው። የቀረው ክርክር የተተወው ክፍል ለተፈለገው ሥራ ምን ያህል ያስፈልጋል የሚለው ነው።

ለሄቪ ሜታል ጊታር የሚስማማበት ምክንያት

በሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ ዋነኛው ዲስቶርሽን የሚፈጠረው ከስፒከሩ በፊት፣ በፔዳሉና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ድምፁ ስፒከሩ ዘንድ ሲደርስ በሃርሞኒክ የታጨቀና የከፍታና የዝቅታ ልዩነቱ የጠበበ ነው። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን በፍጥነት ስለሚቀንሰው፣ ያለ እርሱ የንብ መንጋ ሊመስል የሚችለውን ጩኸት ወደ ጊታር ድምፅ ይመልሰዋል። ከስፒከሩ በኋላ የሚመጣው ማይክሮፎንም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በአብዛኛው የሚያገለግለው እንደ ማጣሪያ ነው። ኢምፐልስ ሪስፖንስ ደግሞ ማጣሪያን በሚገባ ይይዛል።

ሁለተኛው ምክንያት እንቅስቃሴን ይመለከታል። ድምፃዊ በማይክሮፎን ፊት ራሱን ያዞራል፣ ይጠጋል፣ ይርቃል፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የማይክሮፎኑ ምላሽ ይለወጣል። አንድ የማይለወጥ ፋይል ይህን ሊተካ አይችልም። የስፒከር ሳጥን ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ በፊቱ የቆመው ማይክሮፎንም እንዲሁ። ስለዚህ ጠባዩ በጊዜ አይለዋወጥም የሚለው ግምት ለድምፃዊ ባይሠራም ለጊታር ሳጥን ይሠራል።

ሦስተኛው ምክንያት ለአሮጌው ዕቃ ደኅንነት ይሆናል። የሪባን ማይክሮፎን ልብ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ነው። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ያስቆጠረን እንዲህ ያለ ዕቃ ኃይለኛ ድምፅ በሚተፋ ሳጥን ፊት ቀኑን ሙሉ ማቆም ለጉዳት መዳረግ ነው። በመጠነኛ ድምፅ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተለካ ግን ዕቃው ያርፋል፤ ልኬቱ ይሠራል። በ1965 የወጣውና በጊታር ቀረጻ እጅግ የተለመደው ሹር ኤስኤም 57 በ6,000 ሄርዝ አካባቢ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ጠባይ አለው። የአሮጌ ሪባን ምላሽ በአንጻሩ ወደ ላይኛው ድግግሞሽ ሲሄድ ስለሚለዝብ፣ ሁለቱ በልክ ሲደባለቁ የመጀመሪያው የጊታሩን ጥርስ፣ ሁለተኛው አካሉን ይሰጣሉ። ይህን ድብልቅ ዋጋው የማይቀመስ ማይክሮፎን ለሌለው ወጣት ባለሙያ ማዳረስ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሙ የሚያሳስትበት ቦታ

ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉ የማይክሮፎኑ ምትክ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ “ዩ 47” የሚለው ስም የአንድ ሞዴል ስም ነው፤ የተለካው ግን አንድ የተወሰነ ዕቃ ነው። የዚህ ማይክሮፎን ቪኤፍ 14 የተባለው ቱቦ መመረት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በበርካታ ዕቃዎችም በሌላ ተተክቷል። የቀደሙት ካፕሱሎች ስስ የፕላስቲክ ሽፋንም በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ስለዚህ በአንድ ዘመን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ማይክሮፎኖች ዛሬ አንድ ዓይነት ምላሽ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። አቅጣጫ የሚመርጡ ማይክሮፎኖች፣ በተለይም ሪባኖች፣ ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረቡ ቁጥር የታችኛውን ድግግሞሽ ያጎላሉ። ከአንድ ሜትር ርቀት የተለካ ፋይል፣ ማይክሮፎኑ ለስፒከሩ በአሥር ሳንቲሜትር ቀርቦ የሚሰጠውን ውፍረት አይሰጥም። ፋይሉ ርቀቱን ካልተናገረ ተጠቃሚው የሚሰማው ቅጥነት የማይክሮፎኑ ይሁን የአቀማመጡ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የመደራረብ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ፋይሎች የስፒከር ሳጥንንና የማይክሮፎንን ምላሽ በአንድነት ይይዛሉ፤ ሌሎች የማይክሮፎኑን ብቻ። ሁለተኛውን ዓይነት ለማዘጋጀት ለመለኪያ ያገለገለው ስፒከር የጨመረው ቀለም በስሌት መወገድ አለበት፤ ካልተወገደ በማይክሮፎን ስም የስፒከር ጠባይ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ፋይል በሹር ኤስኤም 57 በተቀዳ የሳጥን ፋይል ላይ ተከትሎ ሲጫንም፣ ድምፁ በሁለት ማይክሮፎኖች በተከታታይ ያለፈ ይሆናል። ይህ በስቱዲዮ የማይከሰት ነገር ነው። ውጤቱ ያምር ይሆናል፤ ሆኖም ሥራው የኢኳላይዘር ሥራ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ዝርዝር ጉዳዮችም ዋጋ አላቸው። በሰከንድ 48,000 ናሙና ተወስዶ በ1,024 ናሙና የተቆረጠ ፋይል 21 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይረዝማል፤ ድግግሞሽን ለይቶ የሚያስተካክልበት እርከንም 47 ሄርዝ ገደማ ነው። የባለ ሰባት ክር ጊታር ወፍራሙ ክር በ62 ሄርዝ አካባቢ ስለሚጮህ፣ የታችኛው ድምፅ ቅርጽ በእንዲህ ያለ አጭር ፋይል በትክክል ሊያዝ አይችልም። ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ሲደባለቁም አንዱ ከሌላው በ0.1 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ ይኸውም ድምፅ በአየር ውስጥ 3.4 ሳንቲሜትር ገደማ የሚጓዝበት ጊዜ ነው፣ በ5,000 ሄርዝ ዙሪያ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የጊታሩ ጥርስ ያለው በዚያው አካባቢ ነው። “ይህ አሮጌ ማይክሮፎን ደብዛዛ ነው” የሚለው ፍርድ አንዳንድ ጊዜ የማይክሮፎን ሳይሆን የዚህ መዘግየት ፍርድ ነው።

“ጆሮ ከወደደው በቂ ነው” ለሚሉ

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሙዚቃ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም፤ ድምፁ ጆሮን ካስደሰተ የፋይሉ የትውልድ ሐረግ ለምን ያስጨንቃል? ለአንድ ዘፈን ይህ ክርክር ትክክል ነው። ነገር ግን ጆሮ ብቻውን አይፈርድም፤ ዓይን ያነበበው ስምና የድምፁ መጠን አብረው ይፈርዳሉ። በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተሰማ ድምፅ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ “ጆሮ ይፍረድ” የሚል ሰው ለጆሮ ነጻነቱን መስጠት አለበት፤ የፋይሎቹ ስም ተሸፍኖ፣ መጠናቸው እኩል ተደርጎ፣ ከሙሉው ባንድ ጋር እየተሰሙ ይነጻጸሩ። ብቻውን ሲሰማ ግርማ ያለው የጊታር ድምፅ ከቤዝ ጊታርና ከድራም ጋር ሲገናኝ ቦታ ሊያጣ ይችላል።

ከአንድ ዘፈን አልፎ ሲታይ ደግሞ ጉዳዩ የቅርስ ጉዳይ ይሆናል። አሮጌዎቹ ማይክሮፎኖች እያረጁ፣ ክፍሎቻቸው እየተተኩ ነው። የዛሬዎቹ ልኬቶች ለነገ የሚቀሩ ብቸኛ ምስክሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የብራና መጽሐፍ በማይክሮፊልም ሲነሣ ጽሑፉ ይተርፋል፤ የብራናው ውፍረትና የድጉሱ አሠራር ግን በፊልሙ አይዳሰስም። ስለዚህ ካታሎግ የሚያዘጋጁ ሰዎች መጽሐፉ የተገኘበትን ቦታ፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የጎደለውን ገጽ ሳይቀር ይመዘግባሉ። ፊልሙ ያለ ካታሎግ ምስል ነው፤ ከካታሎግ ጋር ማስረጃ ይሆናል። ኢምፐልስ ሪስፖንስም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

ሊደረግ የሚገባው

ፋይል አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር አጭር መግለጫ ማያያዝ ይጠበቅባቸዋል፦ የማይክሮፎኑን ሞዴል፣ የተደረገለትን ጥገናና የተተካውን ክፍል፣ ከስፒከሩ የነበረውን ርቀትና አንግል፣ የስፒከሩንና የቅድመ ማጉያውን ዓይነት፣ ልኬቱ የተወሰደበትን የድምፅ መጠን፣ በኋላም በስሌት የተወገደውን ወይም የተጨመረውን። ይህ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ለንግዱም ሸክም አይሆንም። የድምፅ ምሕንድስና የሚያስተምሩ ተቋማት በበኩላቸው ተማሪዎቻቸው ፋይል ከመግዛት አስቀድመው በእጃቸው ያለውን ርካሽ ማይክሮፎን እንዲለኩ ቢያደርጉ፣ ማይክሮፎኑን አምስት ሳንቲሜትር ወደ ጎን ማንቀሳቀስ የድምፁን ቀለም ምን ያህል እንደሚለውጠው በራሳቸው ጆሮ ያረጋግጣሉ።

እንዲህ የሠለጠነ ተማሪ የታዋቂ ማይክሮፎን ስም ያለበት ፋይል ሲያገኝ አይሰግድለትም፤ አይንቀውምም። በምን ርቀት፣ በየትኛው ስፒከር፣ በምን ሁኔታ ተለካ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ የአንድ አሮጌ ዕቃ እውነተኛ ልኬት በእጁ ገብቷል። ካላገኘም ፋይሉን እንደ ማንኛውም ማጣሪያ ተጠቅሞ ለዘፈኑ የሚበጀውን ይወስዳል፤ ለስሙ ግን የተለየ ዋጋ አይከፍልም።