ጫማ፣ ወለል፣ ደብተር

ዝናብ በሚበዛበት የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ አፈሩ ቀይ ሸክላ በሆነበት አገር፣ በባዶ እግራቸው እያረሱ፣ ውኃ እየቀዱ፣ ገበያ እየወጡ የኖሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ እግራቸው ማበጥ ይጀምራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ አያመጣውም፣ ትልም አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር በውስጡ የያዛቸው ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ዘልቀው ይገቡና፣ በተፈጥሮው ተጋላጭ የሆነውን ሰው ውስጥ ውስጡን ይጎዱታል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህን በሽታ ተሸክሞ ይኖራል። መከላከያው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ሌላ ረቂቅ ነገር የለውም።

ቁሳቁስ ለመልካም ሕይወት ያስፈልጋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከዚህ ጫማ መጀመር አለብን እላለሁ። ጥያቄውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ብዙ ያላቸውና ያላቸው ነገር የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው መኪና ደስታ እንዳልጨመረላቸው አይተው «ንብረት ከንቱ ነው» ይላሉ። ለራሳቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ይህ መልስ እየወረደ ሄዶ ጫማ የሌለው ሰው ዘንድ መድረሱ ነው፤ እርሱ ዘንድ ሲደርስ ውሸት ይሆናል። የእኔ እምነት እንዲህ ነው፦ ንብረት ለመልካም ሕይወት የሚጠቅመው ሦስት ነገር እስኪያስችል ድረስ ነው፤ በጤና መኖር፣ በሰው ፊት ሳያፍሩ መቆም፣ የማይፈልጉትን ነገር እምቢ ማለት። እስከዚያ ድረስ ያለው ንብረት የመልካም ሕይወት ጌጥ ብቻ አይደለም፣ መሠረቱ ነው። ከዚያ ያለፈው ጥቅሙ ቶሎ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም መልሶ ይጎዳል።

ሁለተኛውን ነገር፣ ማፈርን፣ ዝሆኔ በግልጽ ያሳያል። በሽታው እግር ላይ ብቻ አይቀርም። በዘር ይመጣል ተብሎ ስለሚፈራ የታማሚው ቤተሰብ በጋብቻ ይሸሻል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። እናቲቱ ሽታውንና የሰውን ዓይን ፈርታ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ፣ ከማኅበር ትቀራለች። የጫማ ዋጋ የሌለበት ቤት ውሎ አድሮ ጎረቤት የሌለበት ቤት ይሆናል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ያለ የተልባ እግር ሸሚዝ በምቾት ኖረዋል፤ በእርሱ ዘመን ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ያለዚያ ሸሚዝ በአደባባይ ለመታየት ያፍራል፤ በእንግሊዝ አገር የቆዳ ጫማም እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ይህን ሐሳብ አንሥቶ ድህነትን በገንዘብ መጠን ብቻ መለካት እንደማይበቃ ሞግቷል። ወደ እኛ ስናመጣው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ለቀብር የምትደርበው ንጹሕ ነጠላ የሌላት ሴት «አሞኛል» ብላ ቤቷ ትቀራለች። ያመማት ነገር ስም የለውም፤ ግን ሕመም ነው።

ይህን ስል የሚመጣውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም እየሰማነው ያደግን ነውና። ባህላችን ታላላቅ ሰዎቹን የሚፈልገው በዋሻ እንጂ በእልፍኝ አይደለም። ዳባ ለብሶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ የሚኖረው ባሕታዊ ከባለጸጋው በላይ ይከበራል፤ መከበሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ጠጋ ብለን እንየው። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ ሲመንን ከወላጆቹ የወረሰው ሰፊና ለም ርስት በእጁ ነበር። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ዕቃውን ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ። ወደ በረሃ ከመውጣቱ በፊት ግን ታናሽ እኅቱን ከታመኑ ደናግል ዘንድ አስጠጋት። ይህችን እኅት ሰባኪዎቻችን ብዙ አያነሷትም፤ እኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ እርሷ ናት ብዬ አስባለሁ። እንጦንስ ለራሱ የመረጠውን ድህነት ባልመረጠችው ልጅ ላይ አልጫነም። እርሱ ዋሻ ገባ፣ እርሷ ግን ጣሪያና ጠባቂ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ደግሞ ያውቅ ነበር።

በእኛው አገር በ15ኛው መቶ ዓመት የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስም ሌላ ነገር ያስተምሩናል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ የተቀበሉት እነዚህ መነኮሳት በገዛ እጃቸው ሠርተው መብላትን ሥርዓታቸው አድርገው ነበር። ከንጉሥ እጅ የበላ ሰው ንጉሡን ለመቃወም አፉ ይያዛል። እነርሱ አፋቸው ያልተያዘው ዶማቸውና ማሳቸው የራሳቸው ስለነበር ጭምር ይመስለኛል። ከመንፈሳዊ ጽናታቸው ላይ ምንም መቀነሴ አይደለም፤ ጽናቱ የሚቆምበት መሬት ነበረው ማለቴ ነው። እንግዲህ ምናኔን እየጠቀሱ ድሃን ማጽናናት መናኞቹንም ድሃውንም አለማወቅ ነው።

ንብረት ሕይወትን እንዴት እንደሚለውጥ በጥንቃቄ ተለክቶ ካየኋቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚደንቀኝ የሜክሲኮው ነው። በሰሜን ሜክሲኮ የኮዋሁይላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 ወለላቸው አፈር ለሆነ የድሃ ቤቶች እስከ 50 ካሬ ሜትር ሲሚንቶ በነጻ ማደል ጀመረ። ተመራማሪዎች ፕሮግራሙ የደረሳትን የቶሬዮን ከተማ፣ ከጎኗ ሆነው በሌላ ግዛት ሥር በመሆናቸው ዕድሉ ካልደረሳቸው ከጎሜዝ ፓላሲዮና ከሌርዶ ከተሞች ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ሲሆን በልጆች ሆድ ውስጥ የሚገኙ ጥገኛ ተሕዋስያን በ78 በመቶ ቀነሱ፤ ተቅማጥ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ የደም ማነስም በብዙ ቀነሰ። የእናቶቹ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ድብርታቸውና ጭንቀታቸው ቀለለ፣ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ጨመረ። ማንም ስለ ደስታ አላስተማራቸውም። የተሰጣቸው ወለል ነው።

ገጠር ያደገ አንባቢ ይህ ለምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወለሉን በየጊዜው በእበት መለቅለቅ፣ ቁንጫውን መዋጋት፣ በክረምት እርጥቡ መሬት ላይ የሚድኸውን ሕፃን መጠበቅ የአንዲት እናት ቀን ሙሉ ሥራ ነው። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ገና በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ የእናት ቤት ቆርቆሮና የእናት ቤት ሊሾ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን «ለታይታ» ይለዋል። የሰው ቤት ወለል እያጠበች ገንዘቡን ያገኘች ልጅ ለእናቷ ወለል ብትገዛ፣ የገንዘብን ትክክለኛ ቦታ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ከመሠረቱ በላይስ? እዚህ ላይ የንብረት ነቃፊዎች ብዙ እውነት አላቸው። ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየው፣ በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሙ ከድሃው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ቢልም፣ አገሪቱ በሙሉ በዓመታት ውስጥ ስትበለጽግ ግን የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ አያድግም። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በአሜሪካ የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75 ሺህ ዶላር ገደማ ላይ መሻሻሉን እንደሚያቆም ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ካህነማን ራሱ ከተከራካሪው ጋር ሆኖ ሲመረምረው ለብዙው ሰው እንደማያቆም ተገኘ። ክርክሩ ይቀጥላል። እኔ ግን የገቢ አማካይ ብዙ የሚነግረን አይመስለኝም። ያው ብር አንዱ ቤት ሊሾ ይሆናል፣ ሌላው ቤት የሠርግ ዕዳ ይሆናል።

በብዙ የከተማ ቤት ሳሎን ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ ይቆማል። ውስጡ የተደረደሩት ብርጭቆዎችና ሲኒዎች ቤተሰቡ በየቀኑ የሚጠጣባቸው አይደሉም፤ የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ነው። ወጣቶች አባካኝነት ይሉታል፤ እኔ አከብረዋለሁ። በቤቱ ካለው ሁሉ ምርጡ ገና ላልመጣው ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። ያው ቡፌ ግን ከጎረቤት ቡፌ ጋር መወዳደሪያ ሲሆን ሥራው ይገለበጣል፦ እንግዳው እንዳይሰብር ይፈራል፣ ባለቤቷም እንዳታንስ ትፈራለች፣ መጠራራቱም እየቀነሰ ይሄዳል። የድግሶቻችን መክበድም እንዲሁ ነው። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቀን ሠርግ ተበድሮ ዓመታት ሲከፍል፣ ያ ገንዘብ በሰው ፊት እንዲያቆመው የታሰበ ነበር፤ መጨረሻው አበዳሪ ሲያይ መንገድ መቀየር ሆነ። ንብረት በዝቷል ወይስ አልበዛም ብዬ ስፈርድ የማየው በሩን ነው። ዕቃው ከገባ በኋላ የሚገባው ሰው ከጨመረ በጎ ነው፤ ከቀነሰ በዝቷል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር፣ የሚያስፈልገን ዕቃ ሁሉ የግላችን መሆን የለበትም። እድር ይህን ጥበብ ከእኛ በፊት አውቆታል። ድንኳኑ፣ ትልልቁ ድስት፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰሃንና ብርጭቆው የሁሉም ስለሆነ፣ በቤቱ ሁለት ድስት ብቻ ያለው ሰው አባቱ ሲሞት መቶ ለቀስተኛ ሳያፍር ይቀበላል። ይህን ንብረት ብቻውን ሊገዛ ቢነሣ ዕድሜው አይበቃውም ነበር። ሆኖም እድርም የወር መዋጮ ይጠይቃል፤ እጅግ ድሃው መክፈል ሲያቅተው ከዚያም ይወጣል። የጋራውም ንብረት ቢሆን በሩ የሚከፈተው በትንሽ የግል ገንዘብ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከተጎሳቆሉ የቀበሌ ቤቶች ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች የግልና የጋራ ንብረትን ሁለት ገጽ አይተዋል። የራስ መጸዳጃ፣ የራስ ውኃ፣ የሚቆለፍ በር ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ግቢ ሙሉ ሰው በአንድ መጸዳጃ ይጠቀምበት የነበረውን ኑሮ የሚናፍቅ ካለ ያልኖረበት ነው። ነገር ግን ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ ደጅ ላይ የሚሸጥ እንጀራ፣ የቆየ እድር አብሮ ሳይመጣ ሲቀር የተገኘው ቤት ግማሽ ቤት ይሆናል። «ድሮ ሳይኖረን ይሻል ነበር» የሚለውን መደምደሚያ አልቀበልም። ቤቱም ጎረቤቱም ያስፈልጋል፤ ሰፈርን ከነእድሩ አንድ ቦታ ማስፈር ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም።

የቀረኝ ሦስተኛው ነው፤ እምቢ ማለት። በገጠር መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ሆኖም በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የይዞታ ደብተር በብዙ ሴቶች ሕይወት ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። በአማራ ክልል ሕዝቡ አረንጓዴ ደብተር በሚለው ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏ ወንድሞች «የአባታችን መሬት ነው» ብለው ሲመጡ የምታሳየው ነገር አላት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በፍቺ ጊዜ የጋራ ንብረት ለባልና ለሚስት እኩል እንዲካፈል ደንግጓል።

ባሏ የሚመታትን ሴት እናስባት። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ቻይው፣ ትዳር ነው» ይሏታል። ትዕግሥት መልካም ምግባር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን መሄጃ የሌላት ሴት ዝምታ ትዕግሥት መሆኑን በምን እናውቃለን? ግማሹ ቤትና ግማሹ ማሳ የእርሷ ከሆነ ብትታረቅ ታርቃ ነው፣ ብትሄድም መርጣ ነው። ሕጉ ግማሹን ይሰጣታል፤ በተግባር ግን ቤቱ በባሏ ወንድም ስም ከተመዘገበ፣ ከብቱ በዘመድ በረት ካደረ፣ ፍርድ ቤት ቆማ የምታስቆጥረው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ስለ መልካም ሕይወት የሚያስተምር ካህንም ሆነ ሼኽ፣ መምህርም ሆነ ሽማግሌ፣ ሊያስታርቅ ከመቀመጡ በፊት የሴትየዋ ስም ደብተሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅ ከሥራው የወጣ አይመስለኝም።