በማን ላይ ነው የምንስቀው?

በወጣቶች ምሽት የሚያስቅ ግጥም በዜማ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ሰዎች ታገኛላችሁ። አንደኛው ፊቱን አጥቁሮ ኤፌሶን 5፥4ን ይጠቅሳል፤ ያውም «ዋዛ» የምትለውን ቃል ነጥሎ፣ አብረዋት የተጻፉትን የብልግና ንግግሮች ዘልሎ። ሁለተኛው ሆዱን ይዞ ይስቅና «መዝናኛ እኮ ነው» ብሎ ይረሳዋል። እነዚህ ሁለቱ የማይግባቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቀልድን ቀላል ነገር አድርጎ በማየት አንድ ናቸው። እኔ ከሁለቱም ጋር እከራከራለሁ። (ዘፈንና መዝሙር እስከ ምን ድረስ ይለያያሉ የሚለውን የቆየ ሙግት ዛሬ አልከፍተውም። የምለው ለሁለቱም ይሠራል።)

የሚያስለቅስ ግጥም መጻፍ ቀላል ነው። ማር፣ ጨለማ፣ ጎዳና፣ ናፍቆት ብላችሁ በትዝታ ቅኝት ከጫናችሁት ግማሹ አዳራሽ መሐረብ ያወጣል። የሚያስቅ ግጥም ግን ቃሉ በአንዲት ፊደል ከዘገየ ይሞታል። ለዚህም ነው በአገራችን ቀልድ ለጀማሪ ሳይሆን ለሊቅ ይሰጥ የነበረው። አለቃ ገብረ ሐናን አብዛኞቻችን በቀልዳቸው ብቻ እናውቃቸዋለን፤ በአቋቋም የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ መሆናቸው ተረስቷል። በስማቸው የሚነገረውን ሁሉ አልከላከልም፤ አንዳንዱ የድሃ ገበሬ መሳቂያነት ነው። የሚበልጠው ግን ጌታ ፊት ቆሞ ጌታን የሚነካው ነው።

ሰርግ ቤት አዝማሪ ሲገባ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ማሲንቆውን ቃኝቶ ዓይኑን የሚጥለው ከፍ ብሎ በተቀመጠው ላይ ነው። ባለ ሰርጉን ያወድሰዋል፤ በውዳሴው ውስጥ ግን ንፍገቱ ብቅ ትላለች። ሹሙ፣ ባለጠጋው፣ ካህኑ ሁሉም በተራቸው ይነካሉ። የተነካው ሰው ቢቆጣ ወርቁን አመነ ማለት ነው፤ ስለዚህ አብሮ ይስቅና ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ደግሞ ከተሰብሳቢው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። በራሱ አፍ ቢናገረው ጠብ የሚያስነሳ ነገር በሌላ ሰው ጉሮሮ፣ በዜማ ተጠቅልሎ አለቃው ጆሮ ይገባል። ከዚህ የበለጠ የአቤቱታ ሣጥን እስካሁን የሠራ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

አዝማሪው ራሱ ግን የተናቀ ሰው ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ ስድብ ነው። የተናቀ ቢሆንም ይፈራ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን ተለቅመው እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ነበሩበት። አስቡት፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ያላትን ማሲንቆ ፈራ። የሚያስቅ ግጥም ከገበያ ወደ ገበያ እንደሚሄድ፣ የሳቀበትን ገዥ ሕዝቡ እንደማይፈራው ገብቶት ነበር። «ዋዛ ነው» የሚሉን ሰዎች ይህን ያህል እንኳ አልገባቸውም።

አሁን በዚያው ሳቅ ስለሚደርሰው ጉዳት እንነጋገር። ለዚህ ምሳሌ የማገኘው ከሩቅ፣ ከአሜሪካ ነው፤ በሮክ ሙዚቃ የደመቀ ዘመን ውስጥ ከተጻፉት ቀልደኛ ዘፈኖች አንዱ ነው። ራንዲ ኒውማን የሚባል የግጥምና የዜማ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ አጫጭር ሰዎች አንድ ዘፈን አወጣ። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው አጭር ሰው ለምን ይኖራል የሚል ጠባብ ጅል ነው። የኒውማን ሐሳብ በዚያ ጅል ላይ እንድንስቅ ነበር፤ ሰውን በመልኩና በቁመቱ የሚንቅ ሁሉ ምን ያህል አስቂኝ እንደሆነ ማሳየት። ዘፈኑ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ነገር ግን ብዙ ሰው ሰሙን እንጂ ወርቁን አልሰማም። የተከፉ ተከፉ፤ በሜሪላንድ ግዛት ከሬዲዮ እንዲታገድ እስከ መጠየቅ ተደረሰ፤ አልተሳካም እንጂ። እኔም መታገዱን አልደግፍም። ግን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አጭሩን ልጅ ከበው ያንን ዘፈን ለሚዘፍኑበት ጓደኞቹ የደራሲው ወርቅ ምን ይረዳዋል? የእኛ የቅኔ ተማሪ ወርቁን መፈለግ በጉባኤ ቤት ዓመታት ቆጥሮ ይማራል። የቅዳሜ ማታ ተሰብሳቢ ግን አልተማረም። ሰሙ የሚያቆስል ከሆነ ቁስሉ ወርቁን አይጠብቅም።

ወደ እኛ መድረክ እንምጣ። በዋግ ኽምራ ያላችሁ የምለው ፈጥኖ ይገባችኋል። ከአምደወርቅም ሆነ ከሰቆጣ ወጣ ሲባል ባለው ገጠር የብዙ ሰው የእናት ቋንቋ ኽምጣና ነው። እና የከተማው ወጣት ሲቀልድ ምን ያደርጋል? ጋቢ ይደርባል፣ ዱላ ይይዛል፣ አማርኛውን ያንጋድዳል፣ ግጥም ባይኖረውም አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ከአዲስ አበባ መድረኮች የተማርነው ነው፤ እዚያ «ገጠሬ» አነጋገር ለዓመታት የተዘጋጀ ሳቅ ሆኖ ኖሯል።

በአንድ የወጣቶች ኅብረት እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብ፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ኽምጣና ተናጋሪ ልጅ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እንዳይታወቅበት ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ በኅብረቱ ፊት ድምፁን አውጥቶ ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ስሙን አልጠራም። ሁሉም «መዝናኛ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እስቲ ይህን ከአዝማሪው ጋር አስተያዩት። አዝማሪው የሚስቅበት ሰው ሊያስወጣው፣ ሊያስደበድበው፣ ብር ሊከለክለው ይችላል። እየፈራ ነው የሚቀልደው፤ ለዚህም ነው ግጥሙ መሳል ያለበት። እኛ የምንስቅበት ልጅ ምንም ሊያደርገን አይችልም፤ ግጥማችንም ለዚህ ነው ዶልዱሞ የቀረው። የሰው አነጋገር መቅዳት ግጥም አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ሲያላግጥ እሱ አንድ ነበር፣ የበኣል ነቢያት 450፤ ቤተ መንግሥቱም ከእነሱ ጋር ነበር። ጌታችንም ዓይኑ ውስጥ ምሰሶ ተጋድሞ የወንድሙን ጉድፍ ሊያወጣ የሚጎነበሰውን ሰው ሲስል የሣለው ለማኙን ወይም ለምጻሙን አልነበረም።

«እንግዲያው በምን እንሳቅ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚመጣው ገበሬው ከመድረክ ይውረድ ሲባል ነው። ቤታችን ሞልቶ! ለ8 ሰዓት ተጠርተን 10 ሰዓት ስለሚጀመረው ጉባኤ ማን ጻፈ? «በአጭሩ» ብሎ ጀምሮ ሦስት ጊዜ «በመጨረሻም» ስለሚለው ሰባኪስ? ጣሪያው እያፈሰሰ ጣሪያውን እንዲያጠና ስለተቋቋመው፣ ከዚያም የኮሚቴውን ሥራ እንዲያጠና ስለተቋቋመው ሌላ ኮሚቴ? ለመዘምራን ልብስ ቀለም ሁለት ወር ተጣልቶ ዜማውን በአንድ ቀን ስለሚያጠና ቡድን? እነዚህን ለመንካት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከተቆጡም ወርቁን አምነዋል።

እና ለሚቀጥለው ምሽት ከእነዚህ አንዱን ያዙና ስድስት ስንኝ ጻፉ። ጋቢውንና ዱላውን መልሱ። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ ጠርታችሁ «ተቀበል» ከማለታችሁ በፊት ስንኝ እንዲያቀብላችሁ ለምኑት፤ በኽምጣና ካቀበላችሁ ደግሞ ያ ምሽት መተርጎም የእናንተ ፋንታ ነው።