«ተቀበል!» የሚባልበት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ የሚያመሽበት ቤት አጥቶ የሚቸገር ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቦሌ እስከ ሃያ ሁለት፣ ከገርጂ እስከ ሳር ቤት ላውንጁ፣ ክለቡና ግሮሰሪው ተደርድሯል። መብራቱ ያምራል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ መጠጡም ከየአገሩ ይገባል። እንዲያም ሆኖ ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣውን ሰው «ምሽቱ እንዴት ነበር?» ብትሉት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የከፈለውን ሂሳብ ነው። ጠዋት ቢሮ ገብቶ ማታ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደመለሰ እየሳቀ የሚያወራው ግን አዝማሪ ቤት ያመሸው ነው። ምክንያቱ የቤቱ አሠራር ነው ባይ ነኝ።

የአዝማሪ ቤት መቀመጫ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ይደረደራል። መሃሉ ክፍት ስለሆነ ሁሉም የሁሉንም ፊት ያያል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ እዚያው መሃል ይዞራል እንጂ ከሰው ርቆ መድረክ ላይ አይሰቀልም። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያላት መሣሪያ ናት፤ ድምፅ ማጉያው ካልበዛባት በስተቀር ወሬ አታቋርጥም። አጠገብህ ያለውን ሰው ጆሮው ሥር ሳትጮህ ታጫውተዋለህ። አንድ የምሽት ቤት ለደንበኛው ሊያደርግለት ከሚችለው ነገር ይህን የሚያህል አላውቅም። ዲጄው ድምፁን በከፈተ ቁጥር ቤቱ የሚሞቅ የሚመስላቸው ባለቤቶች ተሳስተዋል። ሰዉ የሚጨዋወተው ሲያጣ ስልኩን ያወጣል፤ ስልክ የሚነካካ ሰው ደግሞ ሌላ ዙር አያዝም።

አንድ ጎበዝ አዝማሪ ወደ እንግዳ ሲጠጋ ልብ ብላችሁ እዩት። ገና ሳይደርስ ዓይኑ ሥራ ጀምሯል፦ ጋባዡ ማን ነው? አዲስ የመጣው የቱ ነው? የተኳረፉት ጥንዶች የትኞቹ ናቸው? ማንስ ባይነካ ይመርጣል? ስም የሚጠይቀው ጎንበስ ብሎ፣ ከአስተናጋጁ ወይም ከጓደኛ ነው። አንድ ምሽት ሠርጉን ከዓመት ዓመት የሚያስተላልፍ ጓደኛውን ሊነካ የፈለገ ጎልማሳ «ተቀበል!» አለና ሁለት ስንኝ ወረወረ። አዝማሪው «እሺ» ብሎ ስንኙን እንዳለ ተቀብሎ አዜመው። ቤቱ ሳቀ፤ የተነካውም ሳቀ። አዝማሪው ግን አልጨረሰም። ማሲንቆውን ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን አስጮኻትና የራሱን ሁለት ስንኝ ጨመረ፤ ቤት መምቻው ላይ ነገሩ ዞሮ ግጥም ሰጪው ላይ አረፈ፤ ሚስቱን እቤት ትቶ ያመሸው እሱ ነበርና። ሰውዬው ተነሥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጠፈና እስክስታ ወረደ። ማዶ የነበሩ፣ ከእነሱ ጋር ምንም ትውውቅ የሌላቸው እንግዶች አጨበጨቡለት። ከዚያ በኋላ ግጥም ለመስጠት ሽሚያ ሆነ።

እንዲህ እንደልብ ማምሸት ግን ሁልጊዜ አልነበረም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ማምሸት የፈለገ ሰው ባንድ የሚጫወትበት ሆቴል ገብቶ፣ በር ተዘግቶበት፣ ሳይነጋ አይወጣም ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሌሊቱ ሲከፈት ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶች ደመቀች። ፈንድቃ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በወጣትነቱ እዚያው በሽልማት ብር እየጨፈረ አደገ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ሥዕልና ጃዝ ጨመረበት፤ ባንዱን ኢትዮከለርን ይዞም ውጭ አገር ተጫወተ። የውጭ አገር እንግዳና የሰፈር ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያጨበጭቡበት ቤት ሆነ።

አዝማሪ ቤት ሁሉ መልካም ነው አልልም። ውዳሴው ወደ ልመና ሲዞር ምሽቱ ይበላሻል። ኪሱ የሳሳ ልጅ ፍቅረኛው ፊት ስሙ ደጋግሞ እየተጠራ ብር እስኪያወጣ ድረስ አዝማሪ አናቱ ላይ ሲቆምበት አይቻለሁ፤ ይህ ከፍ ያለ ነውር ነው። ባለቤት የሆነ ሰው ይህን መከልከል አለበት። ሴቶችም ብቻቸውን ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር መጥተው ማንም ሳይጎትታቸው የሚያመሹበት ቤት መሆን አለበት፤ ጥበቃው ሰካራም በር ላይ ከመመለሱ በፊት ውስጥ ያለውን ሥርዓት ማስያዝ አለበት። ሲጋራውን በተመለከተ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ሳይነገረው የሚያስከብር ባለቤት ሳይ ደስ ይለኛል።

አሁን የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብረው የሄዱት የጭቃ ግድግዳዎች ብቻ አይደሉም። ፈንድቃ ስምም ወዳጅም ስላለው መስቀል አደባባይ አጠገብ ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ገብቷል፤ እሰየው። ስም ያላወጡት አዝማሪ ቤቶች ግን ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በር አይከፍትላቸውም፤ ደሞዙን ቆጥሮ በወር አንዴ ብቅ የሚለው ደንበኛቸውም እዚያ አይገባም። ግጥም የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ የቀበሌ ጸሐፊው። አዲሱ ካዛንቺስ ሲገነባ ከፎቆቹ ሥር ለባንክና ለካፌ የሚሆን ቦታ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ከእነዚያ ክፍሎች ጥቂቱ በአዝማሪ አቅም ኪራይ ይሰጥ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ግድግዳቸው ድምፅ የማያሳልፍ ይሁን፤ መግቢያውም ከአንድ ቢራ ዋጋ አይብለጥ።