የአጥራችን አጣትና የነቀርሳ መድኃኒት

ለክረምት ዕረፍት ይፋግ ገብተዋል እንበል። ማታ ምድጃ ዳር ሳሉ አክስትዎ ጠጋ ብለው በጡታቸው ላይ እብጠት እንደ ወጣ በሹክሹክታ ይነግሩዎታል። ስለማያማቸው ሐኪም ዘንድ አልሄዱም። ከጎረቤት አንዷ «ጊሽጣ ነቀርሳን ይገድላል» ብላቸዋለች፤ ሌላዋም የአጣት ቅጠል ቀቅለው እንዲጠጡ መክራቸዋለች። የቤቱ ተማሪ እርስዎ ነዎትና ምን ይመልሳሉ?

በጎረቤቶቹ ለመሳቅ አይቸኩሉ። አጣት በየአጥሩና በየጫካው ዳር የምናውቀው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ማይቴነስ ይሉታል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ነቀርሳን የሚቃወሙ እጽዋት በየአገሩ ሲያስፈልግ፣ ከአጣት ወገን ማይቴነስ ሴራታ የሚባለው ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ተወሰደ። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ማይታንሲን የተሰኘውን ቅመም ከተክሉ ነጥሎ ማውጣቱን አስታወቀ። ይህ ቅመም ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚያገለግሉትን ቀጫጭን ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ሕዋሱም መከፈል ተስኖት ይሞታል።

ታዲያ ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ምን ይከለክላል? አንደኛ፣ ከአንድ ኪሎ ተክል የተገኘው ቅመም 0.2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነበር። የፎገራን ሩዝ በኩንታል ሲቆጥር ያደገ ሰው ያስላው፤ አንድ ግራም ለማግኘት 50 ኩንታል ተክል ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማይታንሲን ብርቱ መርዝ ነው። ለሕመምተኞች በተሞከረ ጊዜ ጤነኛውን ሕዋስ ከታመመው ሳይለይ እየመታ ሆድንና ነርቭን ስለ ጎዳ ሙከራው ተተወ።

ጠበብት ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከማይታንሲን ጋር የተዛመደ ቅመም ወስደው፣ የነቀርሳውን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት። መርዙም እንደ ተላከ ደብዳቤ አድራሻውን አግኝቶ እዚያው ይፈታል። በዚህ መንገድ የተሠራው መድኃኒት በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የሚያክመውም አንዱን ዓይነት የጡት ነቀርሳ ነው። ኩፕቻን ቅመሙን ካስታወቀ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

ጊሽጣስ? በጊሽጣ ዘመዶች ውስጥ ያለ ቅመም በቤተ ሙከራ ብልቃጥ የነቀርሳን ሕዋስ ይገድላል። በብልቃጥ የሞተ ሕዋስ ግን የዳነ ሰው አይደለም፤ ጊሽጣ በልቶ ከነቀርሳ መዳን በሰው ላይ አልተረጋገጠም። እንዲያውም በ1999 በጓዴሎፕ ደሴት ያሉ ሐኪሞች የጊሽጣን ዘመድ ፍሬ አዘውትረው በሚበሉና ቅጠሉን አፍልተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የነርቭ ሕመም ማየታቸውን ጽፈዋል። ጊሽጣን ስለ ጣዕሙ ይብሉ፤ ስለ ፈውስ ግን አይመኑበት።

እንግዲህ ለአክስትዎ እንዲህ ይበሉ፦ «አክስቴ፣ የጎረቤቶቻችን ነገር ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ከአጥር እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ ረጅም ነው። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነቀርሳም ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ነገ ማለዳ አብሬዎት ጎንደር ሐኪም ቤት ልሂድ።»

ከነገም በኋላ «ከአዝመራ በኋላ» ቢሉዎት እሺ አይበሉ። አጣቱ በአጥሩ ላይ ይቆያል፤ እብጠቱ ግን አይጠብቅም።