የባዶው ጀሪካን ተጠያቂ ማን ነው? የፀረ-ተባይ ቆሻሻና የኩዌት የአካባቢ ሕግ

ፀረ-ተባይ ኬሚካል በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ሠፈሮች የዕለት ተዕለት ሸቀጥ ነው። በሀወሊ፣ በሳልሚያና በፈርዋኒያ አፓርታማዎች በረሮንና ምስጥን ለማጥፋት፣ በምግብ መጋዘኖች አይጥን ለመከላከል፣ በደቡብ በወፍራ፣ በሰሜን ደግሞ በአብደሊ እርሻዎች የአትክልት ተባይን ለመቆጣጠር ይውላል። ኬሚካሉ በጉምሩክ በኩል ተመዝግቦ ይገባል፤ የሚረጩት ድርጅቶችም የንግድ ፈቃድ አላቸው። ርጭቱ ሲያበቃ ግን የሚቀር ነገር አለ። የተረፈ ፈሳሽ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ዱቄት፣ የመርጫ መሣሪያው የታጠበበት ውኃ እና ባዶ ጀሪካን። እነዚህ ወዴት ይሄዳሉ? ማንስ ይጠየቅባቸዋል? የአካባቢ ሕግ አስከባሪዎች ዋነኛ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ መልሱን አስቀምጧል። አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻግሮ የሚዘዋወርበትንና የሚወገድበትን መንገድ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት፣ ከፀረ-ተባይ ኬሚካል ምርት፣ ቅመማና አጠቃቀም የሚወጣን ቆሻሻ በአደገኛ ቆሻሻ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው ጠቅሶታል። ኩዌት ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ2000 ተቀላቅላለች። ስለዚህ በሁለቱም አገሮች የፀረ-ተባይ ቆሻሻ ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር በአንድ ገንዳ የሚጣል ነገር አይደለም።

ለምን በኩዌት ይከፋል?

ኩዌት ወንዝም ሐይቅም የሌላት አገር ናት። ነዋሪዋ የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ጨዉ ተለይቶ ከባሕር የሚገኝ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ሁለት የተለያዩ የቱቦ መስመሮች ተዘርግተዋል፤ አንዱ የፍሳሽ፣ ሌላው የዝናብ ውኃ መውረጃ። በፍሳሽ መስመሩ የሚሄደው እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ እንደ ጀመረው የሱለይቢያ ጣቢያ ባሉ ማጣሪያዎች ተጣርቶ ለእርሻ ጭምር ይውላል። በማጣሪያው ሂደት ቆሻሻውን የሚያብላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። ተባይን ለመግደል የተሠራ ኬሚካል በብዛት ሲደፋባቸው እነርሱንም ይጎዳል። የዝናብ መውረጃው ደግሞ ሳይጣራ ወደ ባሕር ያመራል። በሹወይኽ ዳርቻ እንዳለው ያለ መውጫ ውስጥ የተደፋ ነገር የሚደርሰው ጥልቀት ወደሌለው፣ ዓሣ ወደሚራባበት የኩዌት ወሽመጥ ነው።

ሙቀቱም ሌላ ነገር ይጨምራል። በሚትሪባ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት የሙቀት መጠኖች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ በጋ ክዳኑ የላላ ጀሪካን በብረት ገንዳ ውስጥ ሲውል ተኑ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ይተርፋል።

የተቀበረ ነገር ተረስቶ እንደማይቀር የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪዎች ያውቃሉ። በቁረይን ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ የነበረው ሥፍራ ከተዘጋ በኋላ የመኖሪያ ሠፈር ቀረበው። ከተቀበረው ቆሻሻ የሚወጣው ጋዝ ነዋሪውን ስላስቸገረ መንግሥት ሥፍራውን መልሶ ለማስተካከል ብዙ መድከም ነበረበት። የከፋው ምሳሌ የሚገኘው በሕንድ ቦፓል ነው። በዚያ የነበረው የፀረ-ተባይ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለ የጋዝ አደጋ ካደረሰ በኋላ ተዘጋ። በግቢው ውስጥ ቀርቶ የነበረው 337 ቶን መርዛማ ቆሻሻ ከሥፍራው የተጓጓዘው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2025 መጀመሪያ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኩዌት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ ቁጥር 21 ነው። በ2001 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 210 የማስፈጸሚያ ደንቡን አስቀመጠ። ዛሬ መሠረት የሆነው ግን በ2014 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት በሕግ ቁጥር 99 የተሻሻለው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42 ነው። ይህ ሕግ አደገኛ ቆሻሻን ካልተፈቀደለት ቦታ መጣልን ይከለክላል፤ የገንዘብና የእስራት ቅጣት ይደነግጋል፤ ጉዳት ያደረሰውም ወገን ጉዳቱን ለማስወገድ የሚወጣውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር የአካባቢ ፖሊስ እንዲቋቋም ያደረገውም ይኸው ሕግ ነው።

በዐረብኛው ሕግ ውስጥ ለአፈጻጸሙ ቁልፍ የሆነ አንድ ሐረግ አለ፤ «አድ-ደብጢያ አል-ቀዳኢያ» ይባላል። በአማርኛ «የፍትሕ መርማሪነት ሥልጣን» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። ይህ ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ተራ ጎብኚ አይደለም። ወደ ድርጅቱ ገብቶ ይመረምራል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ጥሰቱን በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል፣ ጉዳዩንም ወደ ዓቃቤ ሕግ ይመራል። ኩዌት በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች የተሻለ መሣሪያ በእጇ አላት።

ክፍተቱ የት ላይ ነው?

ሕጉ ጠንካራ ቢሆንም፣ ቁጥጥር የሚጀምረው ጀሪካኑ ገንዳ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ከሆነ ብዙ አይራመድም። ምልክቱ የተላጠ ጀሪካን የማን እንደሆነ አይናገርም። ባለቤቱ ቢታወቅ እንኳ የድርጅቱ ኃላፊ «ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን የሕጉ ክንድ የሚያርፈው ጀሪካኑን ተሸክሞ በወጣው ሰው ላይ ይሆናል፤ ኬሚካሉን ገዝቶ ያተረፈበት ባለፈቃድ ግን ከጎን ይቀራል።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ሂሳብ መተሳሰብ ነው። ለምሳሌ አንድ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት በዓመት 200 ጀሪካን ኬሚካል ቢገዛ፣ በዓመቱ መጨረሻ 200 ባዶ ጀሪካን ለተፈቀደለት አስወጋጅ ያስረከበበትን ሰነድ ማቅረብ አለበት። 150 ብቻ ቢያቀርብ፣ የ50ው ጥያቄ የሚቀርበው ለሾፌሩ ሳይሆን ለባለፈቃዱ ነው። ለዚህም አስረካቢው፣ አጓጓዡና ተቀባዩ እየፈረሙ የሚቀባበሉት የማስተላለፊያ ሰነድ ዋነኛው ማስረጃ ነው። በዚህ መንገድ ተቆጣጣሪው ከየገንዳው ሥር ማስረጃ ሲፈልግ አይውልም፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ወደ ድርጅቱ ይዞራል።

ይህን ስሌት የሚያከብደው የሥልጣን መበታተን ነው። የእርሻ ፀረ-ተባይ በግብርና ጉዳዮችና የዓሣ ሀብት ባለሥልጣን በኩል ያልፋል፤ ከጤና ጋር የተያያዘው የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥር የጤና ሚኒስቴርን ይመለከታል፤ የጎዳናው ገንዳ የበለዲያ ነው፤ አደገኛው ቆሻሻ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ድርሻ ነው። ስንት እንደገባ የሚያውቀው መሥሪያ ቤት፣ ስንት እንደተጣለ ከሚያየው መሥሪያ ቤት የተለየ ነው። የሁለቱ መዝገብ ጎን ለጎን ካልተነበበ የጎደለው ጀሪካን አይታይም።

ቅጣቱን ማክበድ ብቻውን መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሕግ ጣሹን የሚያስፈራው የቅጣቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የመያዙ እርግጠኝነት ነው። በሌላ በኩል፣ ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ይዘው የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች ማስወገጃው ሩቅና ውድ ነው ሲሉ የሚያነሡት ቅሬታ ችላ ሊባል አይገባም። በሕጉ መሠረት የሚሠራው ድርጅት የማስወገጃ ወጪውን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ሌሊት ገንዳ ውስጥ የሚጥለው ግን በርካሽ ተወዳድሮ ሥራውን ይወስድበታል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከተፈጥሮ ጥበቃ ባሻገር ለታማኙ ነጋዴም ዋስትና ነው።

ብራዚል ሁለቱንም ወገን ያስታረቀ መንገድ አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሕግ ተጠቃሚው ባዶውን ዕቃ አጥቦ እንዲመልስ፣ ሻጩ መመለሻ ቦታ እንዲያዘጋጅ፣ አምራቹ ደግሞ አጓጉዞ እንዲያስወግድ ኃላፊነቱን ከፋፍሎ ሰጥቷል። ዛሬ ከኬሚካሉ ጋር በቀጥታ ከሚነካካው የፕላስቲክ ማሸጊያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ይሰበሰባል። በአንድ ቀን መኪና ከዳር እስከ ዳር በምትዳረስ እንደ ኩዌት ባለች አገር ይህን ማደራጀት እጅግ ይቀላል።

«መድኃኒት» የሚለው ስም

ጉዳዩ የአማርኛ አንባቢን በሁለት በኩል ይነካዋል። አንደኛው የቋንቋ ነገር ነው። ዐረብኛ ፀረ-ተባይን «ሙቢድ» ይለዋል፤ አጥፊ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በተለምዶ «የተባይ መድኃኒት» እንላለን። መድኃኒት የሚለው ቃል የሚያድን ነገርን ስለሚያስታውስ፣ የመድኃኒቱ ዕቃ ታጥቦ ቢሠራበት ጉዳት ያለው አይመስልም። በአገራችን ባዶ ዕቃ አይጣልም። ቆራሌው ይገዛዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ተመልሶ ዘይት ወይም ውኃ ይቀዳበታል። ይህ ቁጠባ በሌላው ዕቃ የሚመሰገን ልማድ ነው፤ ማላታይን የነበረበት ጀሪካን ላይ ሲሆን ግን መርዝ ወደ ማዕድ ያመጣል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ እንዲታጠብ፣ የታጠበበት ውኃም ወደ መርጫው ተመልሶ ለርጭቱ እንዲውል፣ ከዚያም ዕቃው ዳግም እንዳያገለግል እንዲበሳ ያዛል። መታጠቡ ዕቃውን ለማስወገድ የሚያዘጋጅ እንጂ ለምግብና ለውኃ የሚያበቃ አይደለም።

ሁለተኛው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። በኩዌት የሚኖሩ ወገኖቻችን በመኖሪያ ቤት፣ በመጋዘንና በጽዳት ሥራ ላይ ሆነው ከዚህ ኬሚካል ጋር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የግል ዘርፍ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 6 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት ግን በ2015 በወጣው በሌላ ሕግ፣ በቁጥር 68 ነው። ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ «ይህን ወስደህ ጣለው» የተባለ ሰው የሚጥለው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። በጀሪካኑ ላይ የራስ ቅል ምስል ወይም «ሰም» የሚል የዐረብኛ ቃል ካለ፣ መርዝ ማለት ነውና፣ ቦታው የጎዳና ገንዳ አይደለም።

ከአገር ቤት የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የምታውቀው ዋጋ ከፍላበት ነው። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ መከላከያ በእርዳታና በግዢ ለአሥርተ ዓመታት የገባው ኬሚካል በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት ተከማቸ። በርሜሎቹ ዛጉ፣ ፈሳሹም ወደ አፈር ሰረገ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው እንደገና ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በፊንላንድ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። አንድን መርዝ ገዝቶ ከማስገባት ይልቅ አሽጎ ማስወጣት የቱን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ታይቷል።

በ2008 ደግሞ ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን ገታች። ጣት የተቀሰረው በእርሻው ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት በተበከለ ጆንያ ላይ ነበር። የአንድ ማሸጊያ ንጽሕና የአገርን ዋነኛ የወጪ ንግድ ሊያናጋ ችሏል።

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ለአገራችን የሕግ መሠረት ሆነዋል። ከኩዌት ልምድ ሊወሰድ የሚገባው ከሕጉ ጎን የቆመው ልዩ ፖሊስና የመርማሪነት ሥልጣን ነው። ከኢትዮጵያ ልምድ ደግሞ ኩዌት ልትወስደው የምትችለው፣ መዝገብ ሳይመሳከር የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት የኋላ ወጪን እንደሚያበዛ ነው።

ስለዚህ አንድ ድርጅት ፈቃዱን ሊያድስ ሲመጣ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ግልጽ ነው። ባለፈው ዓመት ያስገባኸው ይህን ያህል ነው፤ የባዶው ማስረከቢያ ሰነድ የት አለ? ሰነድ ያላቀረበ ፈቃዱ አይታደስለት። ይህ አዲስ ሕግ አይፈልግም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ያላቸውን መዝገብ እንዲለዋወጡ ብቻ ይጠይቃል።