ይዛችሁት የወጣችሁት ካሜራ ሲመለስ ለምን «ገቢ ዕቃ» ይሆናል?

ቀረጥ ከውጭ ለመጣ ዕቃ ይከፈላል፤ በዚህ አንከራከርም። ግን ሰርግ ለመቅረጽ ዱባይ ይዛችሁት የሄዳችሁት ካሜራ በሳምንቱ ቦሌ ሲደርስ ከየት መጣ ሊባል ነው? ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ነው የገባው። የጉምሩክ አሠራርም በመርህ ደረጃ ይህን ያውቃል፤ በጊዜያዊነት ወጥቶ ሳይለወጥ የተመለሰ ዕቃ እንደ አዲስ አይቀረጥም። የተሻሻለው የኪዮቶ ኮንቬንሽን የሚባለው ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ስምምነትማ ዕቃው ውጭ አገር ሲሠራበት ቢያረጅ ወይም ቢጎዳ እንኳ በዚያ ምክንያት ብቻ ይህን መብት አያጣም ይላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ማስረጃው ላይ። «ይሄ እኮ የራሴ ነው» ማለት አይበቃም፤ ስትወጡ የተመዘገበበት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል አይደለም። 200 ሺህ ብር በተገመተ ካሜራ ላይ ሌላው ሁሉ ቀርቶ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ 30 ሺህ ብር ነው። የጉዞው ትርፍ እዚያው ኤርፖርት ቀረ ማለት ነው።

የጉምሩክ ሠራተኞችን ስጋት አልንቀውም። አሮጌ ካሜራ አስመዝግቦ ወጥቶ፣ የዚያኑ ሞዴል አዲሱን ገዝቶ የሚመለስ ብልጥ አይጠፋም። መፍትሔው ሴሪያል ቁጥር ነው። ሌንሱም ከካሜራው የተለየ የራሱ ቁጥር አለው። «1 ካሜራ ከነዕቃው» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ስትመለሱ ለማንም አይጠቅም፤ ለእናንተም ለተቆጣጣሪውም። (ለማሲንቆና ለክራር ሴሪያል ቁጥር ከየት ይምጣ እንዳትሉ፤ ፎቶ አለ።)

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እጃችን ላይ ያለው ካሜራና ላፕቶፕ እንዴት እንደተገዛ እንተዋወቃለን። አንዱ ከቴሌግራም ቻናል፣ አንዱ መርካቶ ያገለገለ፣ ሌላው ዘመድ በሻንጣ ያመጣለት። መውጫው ላይ ዲክላራሲዮን ወይም ደረሰኝ አምጡ ከተባለ ብዙ ወጣት ባለሙያ ሳያስመዘግብ ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ በዕድሉ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። መጀመሪያ ሲገባ ተቀርጦ ነበር ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው። አሁን የተመለሰው ያኔ የወጣው ነው ወይ የሚለው ሌላ ነው። የመውጫ ምዝገባ ሁለተኛውን ብቻ ይመልስ። ይሄ ለኮንትሮባንድ በር ይከፍታል የሚል አይጠፋም፤ ግን አሥር ካሜራ የጫነ ነጋዴና አንድ የሥራ ቦርሳ የያዘ ልጅ አይምታቱብን።

ለጥገና የተላከ ዕቃም እንደዚሁ ነው። ላፕቶፑ ውጭ ተልኮ ቦርዱ ቢቀየር፣ ቀረጡ የሚታሰበው በጥገናው ዋጋ እንጂ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ መሆን የለበትም።

ደግሞ ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ስልኮቻችንን በአይኤምኢአይ ቁጥራቸው ሲመዘግብ አይተናል። ጉምሩክም ለአስመጪና ላኪዎች የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለው። ቦርሳ ይዞ ለሚጓዝ ባለሙያ ግን አንድ ትንሽ ገጽ ቢጨመር ምን ይጎዳል? ከጉዞው በፊት ማታ ቤታችን ቁጭ ብለን ቁጥሩንና ፎቶውን እንጭናለን፤ ጠዋት ኤርፖርት ሠራተኛው ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጎ ዕቃውን አይቶ ያጸድቃል። ስንመለስም በዚያው ኮድ ይመሳከራል።

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ኪቦርድና ካሜራ ተሸክሞ የሚሄደው ልጅ ብዙ ነው። ዘንድሮ የምትሄዱ ካላችሁ ገጹን አትጠብቁ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ቀደም ብላችሁ ጉምሩክ ቢሮው ጋ ድረሱ። ሻንጣውን ለአየር መንገዱ ካስረከባችሁ በኋላ ለማሳየት የሚቀር ዕቃ ስለሌለ፣ ከዚያ በፊት መሆን አለበት።